የሞጁላር ሲንት ቦርድ ሞድ ማድረግ ፈለጋችሁ? የትኛው መንገድ ለየትኛው ችግር

ዩሮራክ የሚባለውን፣ ድምፅ ለመስራት ከሌሎች ጋር በገመድ የሚያያዝ የሲንተሳይዘር ሞጁል ገዝታችሁ ወይ ራሳችሁ ገጣጥማችሁ ትንሽ ከተጫወታችሁበት በኋላ "ይሄ ኤልኤፍኦ (ሌላውን ድምፅ በዝግታ የሚያወዛውዝ ሞጁል) ትንሽ ቀስ ቢልልኝ"፣ "ይሄ ሚክሰር ትንሽ ቢያጎላልኝ" ማለታችሁ አይቀርም። ያኔ ነው ካውያ የሚሞቀው፣ ሞድ ማድረግ ማለትም ያለቀውን ቦርድ እንደፈለጉት መቀየር ነው። ችግሩ አንዱን ነገር ለማግኘት አራት አምስት መንገድ አለ፣ አንዳንዱ ካውያ ራሱ አይፈልግም፣ አንዳንዱ ደሞ አንዴ ከሰራችሁት መመለሻ የለውም። እኔ መንገድ ስመርጥ የዕቃውን ዋጋ አላይም፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር (ከረንት የሚገድበውና ቻርጅ የሚይዘው ትንንሽ ዕቃ) የሳንቲም ነገር ነው። የማየው "ባልወደው ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ ወይ?" የሚለውን ነው፣ ምክንያቱም ሞድ ካደረጋችሁት ነገር ውስጥ ግማሹን ከወር በኋላ እንደማትወዱት ካሁኑ እወቁት።

እና መጀመሪያ፣ ችግሩ እውነት የቦርዱ ነው ወይ? ኦሲሌተሬ (ድምፁን የሚያመነጨው ሞጁል) ከፍ ያለ ኖታ ላይ ከቶን ይወጣል ብሎ ትራንዚስተር ሊቀይር የሚነሳ ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛው አናሎግ ኦሲሌተር ጀርባ ላይ ግን በትንሽ ካቻቢቴ የምትዞር ትሪመር የምትባል ማስተካከያ አለች፣ ስራዋም ይሄው ነው። ዩሮራክ ላይ 1 ቮልት ማለት አንድ ኦክታቭ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሴሚቶን 83.3 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፣ 5 ሚሊቮልት ብቻ ብትሳሳቱ 6 ሴንት (አንድ ሴንት የሴሚቶን መቶኛ ነው) ይሆናል፣ ከሌላ ኦሲሌተር ጋር ሲጫወት ደሞ በደንብ ይሰማል። ስለዚህ ሞጁሉን ግማሽ ሰዓት አካባቢ አብርታችሁ አሙቁት፣ በቴስተር የለካችሁትን 1 ቮልት ስጡት፣ ከዛ 3 ቮልት ስጡት፣ ልዩነቱ ልክ ሁለት ኦክታቭ እስኪሆን ትሪመሯን በትንሽ በትንሹ አዙሩ። ከማዞራችሁ በፊት የነበረችበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉበት ወይ ፎቶ አንሱ፣ በቃ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ትሪመር የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቶኑ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ካሊብሬሽን (በትሪመር ልኩን ማስተካከል) አይደለም። ቮልቱን ወደ ፍሪኩዌንሲ የሚቀይሩት ትራንዚስተሮች በክፍል ሙቀት ላይ በየ18 ሚሊቮልቱ ከረንታቸውን እጥፍ ያደርጋሉ፣ ያ 18 የሚለው ቁጥር ራሱ ግን ከሙቀት ጋር ይቀያየራል። ይሄን ለማካካስ ነው ቴምፕኮ የሚባለው፣ በዲግሪ 3300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 3300) አካባቢ የሚጨምር ሬዚስተር የሚገባው። ርካሽ ኪት ላይ በቦታው ተራ ሬዚስተር ተደርጎ ካገኛችሁ፣ እሱን በቴምፕኮ መቀየር እኔ ከማውቃቸው ሞዶች ውስጥ ለድካሙ ዋጋ ከሚሰጡት አንዱ ነው፣ ቴምፕኮው ግን ትራንዚስተሮቹን ነክቶ መቀመጥ አለበት፣ ሙቀታቸውን ካልተካፈለ ምንም አይሰራም።

አሁን ወደ ፈርምዌር፣ ሞጁሉ ውስጥ ወዳለው ሶፍትዌር፣ እንምጣ። ሞጁሉ ውስጥ ፕሮሰሰር ካለ (ስክሪን ወይ ብዙ የአሰራር ዓይነት ያለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አለው) ካውያ ከማሞቃችሁ በፊት ሌላ ሰው የጻፈለት ሶፍትዌር እንዳለ እዩ። የዚህ መንገድ ዋና ምሳሌ የፓሪሱ ሚውተብል ኢንስትሩመንትስ ነው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ቢዘጋም ከሰራቸው ሞጁሎች የብዙዎቹን ስኬማቲክ፣ ማለት የሰርኪቱን ንድፍ፣ እና ኮዱን ክፍት አድርጎ ስለለቀቀ እነ ብሬድስ፣ ክላውድስ፣ ፕሌይትስ ዛሬም በሌሎች ሰሪዎች ቦርድ ላይ በትንንሽ መጠን ተሰርተው ይሸጣሉ። ለክላውድስ ፓራሳይትስ የሚባል ፈርምዌር አለ፣ ስትጭኑት ኦሊቨርብ የሚባል ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) እና ሬዞኔስተር የሚባል ሬዞኔተር (ድምፁን እንደ ክር የሚያስጮህ) ይጨምርላችኋል፣ ያው ሃርድዌር፣ ያው ማዞሪያ። አጫጫኑ ደሞ ይገርማል፣ ፈርምዌሩ ራሱ ድምፅ ነው፣ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ሞጁሉን ታበሩና ዌቭ ፋይሉን ከኮምፒውተር በኦዲዮ ግቤቱ ታጫውቱለታላችሁ። እዚህ ላይ የኢሜይልና የቴሌግራም ድምፅ ዝጉ! መሃል ላይ "ቲንግ" ካለ ፋይሉ ይበላሻል። ቢበላሽም አትደንግጡ፣ ፈርምዌር የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩ፣ ስለማይነካ ድምፁን አስተካክላችሁ እንደገና መጀመር ነው። ኦርጅናሉን መመለስም በዛው መንገድ ነው። ከመመለስ አንፃር ፈርምዌርን የሚያክል የለም።

ሌላው ኦርናመንት ኤንድ ክራይም የሚባለው ሞጁል ነው፣ መጀመሪያ ቲንሲ 3.2 በሚባል ትንሽ ቦርድ ዙሪያ የተሰራ፣ ሄሚስፊርስ የሚባለውን ፈርምዌር ብትጭኑበት ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት የተለያዩ ትንንሽ ሞጁሎች ያደርግላችኋል። ለኛ ለቅኝት ሰዎች ደሞ ይሄ ሞጁል ሌላ ጥቅም አለው። ኳንታይዘሩ (ቮልቱን ወደ ቅርቡ ኖታ የሚጎትተው ክፍል) ስኬል ኤዲተር ስላለው የራሳችሁን ስኬል ማስገባት ትችላላችሁ፣ አንቺሆዬን ከዶ ብትነሱ 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.5 እና 0.75 ቮልት ነው፣ ሜጀር ትዝታን ካላችሁ 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583 እና 0.75። ይሄ እንግዲህ በፒያኖ ልክ ነው፣ ክራርና ማሲንቆ ላይ የምንሰማው ከዛ ትንሽ ወጣ ገባ ይላል፣ ኤዲተሩ ግን እያንዳንዱን ኖታ ከሴሚቶን ባነሰ እርምጃ ስለሚያንቀሳቅስ በጆሯችሁ ማስተካከል ይቻላል። ይሄን በሬዚስተር ልስራው ብትሉ ዕድሜ ልክ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ቲንሲው ሆድ ላይ የዩኤስቢ ፓወርን ከቦርዱ ፓወር የምታገናኝ ቀጭን ትራክ አለች፣ እሷ ካልተቆረጠች ሞጁሉ ኬዙ ውስጥ በርቶ እያለ ዩኤስቢ አትሰኩበት፣ ሁለት ፓወር አንድ ቦታ ይጋጫል።

ፕሮሰሰር ከሌለው፣ ማለትም አናሎግ ከሆነ፣ ምርጫችሁ በሁለት ነገር መሃል ነው፣ ያለው ዕቃ ላይ ሌላ መደረብ ወይ ነቅሎ መቀየር። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ መንቀል ይሄዳል፣ እኔ ግን መደረብ የሚሰራ ከሆነ ሁሌም መደረብ ነው የምለው። ለምን መሰላችሁ፣ ቦርድ የሚበላሸው ሲነቀል ነው። ፓድ (ዕቃው የሚበየድበት የመዳብ ነጥብ) ይነሳል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው የመዳብ ቱቦ አብሮ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ሽቦ በሽቦ ማድረግ ነው።

መደረብ የሚሰራው በቀላል ሂሳብ ነው። ሬዚስተር ላይ ሬዚስተር ጎን ለጎን ብትደርቡ ዋጋው (የኦም መጠኑ ማለት ነው) ይቀንሳል፣ 100ኬ (100 ኪሎኦም) ላይ 100ኬ ስትደርቡ 50ኬ ይሆናል። ካፓሲተር ላይ ካፓሲተር ስትደርቡ ግን ይደመራል። ይሄን ከያዛችሁ ግማሹን ሞድ ያለመንቀል ትሰሩታላችሁ። ለምሳሌ ሚክሰሩ ድምፅ አነሰው እንበል። ተራ ሚክሰር ውስጥ ጌኑ (ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ) ከውጤቱ ወደ ኦፕ አምፑ (የሚያጎላው አይሲ፣ ማለት ቺፕ) የሚመለሰው ሬዚስተር ለግቤቱ ሬዚስተር ሲካፈል ነው፣ ሁለቱም 100ኬ ከሆኑ ጌኑ አንድ ነው። ሰው ሁሉ የሚመለሰውን ሬዚስተር ነቅሎ 200ኬ ሊያደርገው ይነሳል። መንቀል አያስፈልግም፣ የግቤቱ 100ኬ ላይ ሌላ 100ኬ ደርቡበት፣ 50ኬ ሆነ፣ ጌኑ ሁለት ሆነ፣ አለቀ። ያውም ለፈለጋችሁት ቻናል ብቻ። ካልወደዳችሁት ከላይ ያለችውን በፒንሳ ይዛችሁ ካውያ ስታስነኳት ትነሳለች፣ ቦርዱ መነካቱንም አያውቅም።

ኤልኤፍኦም እንደዛው። አብዛኛው አናሎግ ኤልኤፍኦ አንድ ካፓሲተር እየሞላና እያጎደለ ነው የሚሰራው፣ ካፓሲተሩን እጥፍ ስታደርጉት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ናኖፋራድ ካለበት 1 ማይክሮፋራድ ብትደርቡ 11 እጥፍ ይዘገያል፣ ድምፁ ሳይቋረጥ ረጅም ለሚቆይበት ድሮን ሙዚቃ አሪፍ ነው፣ በመሃል ትንሽ ስዊች ብትጨምሩ ደሞ ሁለት ሬንጅ አላችሁ። ግን የምትደርቡት ፊልም ካፓሲተር ይሁን። ኤሌክትሮሊቲክ ትንሽና ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፣ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቮልት ግን ወደ ፕላስም ወደ ማይነስም ስለሚሄድ ፕላስና ማይነስ ያለው ካፓሲተር አይገባበትም፣ ከዛም ሌላ ከረንት ያፈሳል፣ ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው መጠንም 20 በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል።

መደረብ ውስጥ የሚገባ ሌላም አለ፣ ካፓሲተርን በሽቦ መዝለል። አንዳንድ ሚክሰርና ቪሲኤ (በቮልት የሚታዘዝ ማጉያና ማሳነሻ) ለኦዲዮ ብቻ ስለታሰበ መግቢያው ላይ ካፓሲተር አለው፣ ቀስ ያለ ሲቪ (ሌላውን ሞጁል የሚያዘው ቮልት) አያሳልፍም። ሁለቱን እግሮች በአጭር ሽቦ ብታገናኙ ሲቪ ማሳለፍ ይጀምራል። ይሄን ግን ዲጂታል ሞጁል ላይ አትሞክሩት፣ እዛ ካፓሲተሩ ጀርባ ያለው ነጥብ ለፕሮሰሰሩ ተብሎ ከዜሮ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ያንን ያናጋዋል።

እሺ መንቀልስ? መንቀል ሲባል ሁሉም ቀድሞ የሚሮጥበት የኦፕ አምፕ ቅየራ ነው፣ "ቲኤል072ን አውጥተህ ኤንኢ5532 ክተትበት፣ ድምፁ ይጠራል" የሚለው ምክር በየቦታው አለ። እውነት አለው፣ ግን ቦታ ይመርጣል። ኤንኢ5532 ጩኸቱ ዝቅተኛ ነው፣ 5 ናኖቮልት አካባቢ፣ ቲኤል072 ደሞ 18 አካባቢ ነው፣ እግራቸውም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሶኬት ካለው ይሰካል። ኦዲዮ ሚክሰር ወይ ውጤት ላይ ብትቀይሩት ችግር የለውም። ሰው የማይነግራችሁ ሌላውን ነው። ቲኤል072 በግቤቱ የሚወስደው ከረንት ምንም አይባልም፣ አስሮች ፒኮአምፒር፣ ኤንኢ5532 ግን 200 ናኖአምፒር አካባቢ ይወስዳል። ሳምፕል ኤንድ ሆልድ (ቮልት ይዞ የሚያቆይ ሞጁል) ውስጥ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ላይ የተያዘ ቮልት ካለና እሱን የሚያነበው ኦፕ አምፕ ኤንኢ5532 ከሆነ ቮልቱ በሴኮንድ 20 ቮልት ፍጥነት ይሸሻል፣ ማለት በ50 ሚሊሴኮንድ ውስጥ አንድ ኦክታቭ ሄደ! በቲኤል072 ያው ነገር በሴኮንድ 6 ወይ 7 ሚሊቮልት ነው። ዘገምተኛ ኤልኤፍኦ ላይም ቅርፁን ያዛባል። ከዛ ሌላ ኤንኢ5532 በሁለቱ ግቤቶቹ መሃል መከላከያ ዳዮዶች ስላሉት ኮምፓራተር (ሁለት ቮልት የሚያወዳድር) ሆኖ የሚሰራበት ቦታ ላይ ሰርኪቱን ሊረብሽ ይችላል። ፓወርም ይበላል፣ አንዱ አይሲ 8 ሚሊአምፒር አካባቢ፣ ቲኤል072 ደሞ ሶስት እንኳን አይሞላም፣ ኬዙ ሙሉ ከሆነ ይሄ ይደመራል። በጄፌት ግቤት (እንደ ቲኤል072 እዚህ ግባ የማይባል ከረንት በሚወስድ) ጩኸት መቀነስ ከፈለጋችሁ ኦፒኤ2134 የተሻለ መሃል መንገድ ነው፣ 8 ናኖቮልት አካባቢ ነው፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። እውነቱን ለመናገር ሲንተሳይዘር ውስጥ ከኦፕ አምፑ ጩኸት በፊት የሚሰማችሁ የፓወሩ ጩኸትና የሞጁሉ ዲዛይን ነው፣ ስለዚህ የኦፕ አምፕ ቅየራ ለኔ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው።

መንቀል ተገቢ የሚሆነው መደረብ በማይሰራበት ነው፣ ለምሳሌ የሬዚስተር ዋጋ ማሳደግ ሲያስፈልግ ወይ ዳዮድ ሲቀየር። ፊልተር ውስጥ ሬዞናንሱን (ፊልተሩ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ የሚጎላውን ድምፅ) የሚገድቡት ዳዮዶች 1ኤን4148 ከሆኑ 0.6 ወይ 0.7 ቮልት ላይ ይቆርጣሉ፣ በቀይ ኤልኢዲ ብትቀይሯቸው ወደ 1.8 ቮልት ይሄዳል፣ ሬዞናንሱ እየጎላና እየጮኸ ይመጣል። ይሄ ሞድ ድምፅ ይቀይራል፣ ጠዋት ማታ የሚሰማ ለውጥ ነው፣ ከኦፕ አምፑ ጋር አይወዳደርም።

አነቃቀሉ ላይ፣ እግር ባለው ዕቃ የተሰራ ቦርድ ከሆነ ዕቃውን ለማዳን አትሞክሩ። አይሲ ከሆነ እግሮቹን አንድ በአንድ በመቁረጫ ቁረጡና ከዛ እያንዳንዷን እግር ለብቻዋ አውጡ፣ አይሲው ይሙት፣ ቦርዱ ይዳን፣ በቦታው ሶኬት አድርጉ። ሊድ (እርሳስ) በሌለው ሶልደር የተሰራ ቦርድ ሶልደሩ 217 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ 63 በ37 የሆነው ሊድ ያለው ግን 183 ላይ፣ ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ትንሽ ሊድ ያለው ሶልደርና ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) ጨምሩበት፣ ቶሎ ይለቃል። ግራውንድ ላይ ያለ እግር ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ስለሚበትነው አልቀልጥ ሲላችሁ እንዳትጎትቱ፣ የሚነሳው ፓድ ነው። ኤስኤምዲ (እግር የሌለው፣ ቦርዱ ላይ የሚለጠፍ ዕቃ) ከሆነ 0805 የሚባለው መጠን በደህና ካውያ ይቻላል፣ 0603 ላይ ማጉያ ያስፈልጋል፣ ከዛ በታች ካልለመዳችሁት ለሞባይል ሰሪ ስጡት፣ የምሬን ነው፣ በማይክሮስኮፕ ከዛ ያነሰ ሲሰራ የሚውል ሰው ነው።

ጃክና ስዊች መጨመር የሚለው ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ከመንቀል ግን ይቀላል። በጣም ቀላሉ ኖርማሊንግ ነው። የዩሮራክ ጃኮች ሶስተኛ እግር አላቸው፣ ገመድ ካልተሰካ ከሲግናሉ ጋር የተገናኘ፣ ሲሰካ የሚለቅ። እዛ እግር ላይ ከሌላ ውጤት አንድ ሽቦ ብታመጡ፣ ገመድ ሳትሰኩ ኤልኤፍኦው ፊልተሩን ይነካል፣ ስትሰኩ ይለቃል። ሽቦ ከማያያዛችሁ በፊት ግን ያ እግር ቦርዱ ላይ ከግራውንድ ጋር እንዳልተያያዘ በቴስተር እዩ፣ ብዙ ጊዜ ተያይዟል፣ ያኔ ትራክ መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

አዲስ የሲቪ ግቤት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ብዙ ኦሲሌተርና ፊልተር ውስጥ ሁሉም ሲቪ የሚደመርበት አንድ ነጥብ አለ፣ የኦፕ አምፑ ማይነስ ግቤት። እዛ በ100ኬ ብትገቡ ዋናው ግቤትም 100ኬ ከሆነ ልክ እንደሱ አንድ ቮልት በኦክታቭ አካባቢ ይሰራል (ለዜማ በትክክል እንዲሆን ግን ሬዚስተሮቹ መመጣጠን አለባቸው)፣ በ1 ሜጋ ብትገቡ አስር እጥፍ የደከመ ይሆናል፣ ለቪብራቶ ይመቻል። ሬዚስተሩን ጃኩ ጋ ሳይሆን ቦርዱ ጋ ሶልደር አድርጉት፣ ያ ነጥብ ጩኸት ስለሚሰበስብም ከሬዚስተሩ ጀርባ ረጅም ሽቦ አንጠልጥላችሁ መተው አንቴና መትከል ነው። ፓነል ስለመብሳት ደሞ፣ ኦርጅናል ፓነል አትብሱ። የዩሮራክ ፓነል ቁመቱ 128.5 ሚሊሜትር ነው፣ አንድ ኤችፒ (የወርድ መለኪያው) 5.08፣ እንግዲህ 2 ኤችፒ የሆነች አንድ ሳንቲሜትር የምታክል ባዶ ፓነል ጎን አድርጋችሁ ጃኩንና ስዊቹን እሷ ላይ ብታደርጉ፣ ነገ ብትሸጡት ሽቦውን ታነሳላችሁ፣ ፊቱ እንደነበረ ነው።

ሁሉም ሰው ሊሰራው የሚገባ የምለው አንድ ሞድ የፓወር መከላከያ ነው፣ በተለይ በሌሎች ሰዎች የተገጣጠሙ ሞጁሎች ላይ። በደንቡ ሪባን ኬብሉ ላይ ያለው ቀይ መስመር ማይነስ 12 ቮልት ነው፣ 10 ፒን የሆነው ኮኔክተር ተገልብጦ ከተሰካ ፕላስ 12 በማይነስ ቦታ ይገባል፣ አይሲዎቹ ይሄዳሉ። ሶስት ምርጫ አለ። 1ኤን5817 የሚባለውን ዳዮድ በየመስመሩ መሃል ማስገባት ርካሽና አስተማማኝ ነው፣ ግን 0.2 ወይ 0.3 ቮልት ይወስዳል፣ ሞጁሉ 12 ቮልቱን ለፒች መለኪያ የሚጠቀም ኦሲሌተር ከሆነ እንደገና ካሊብሬት ማድረግ ግድ ነው፣ ትራክም መቁረጥ ይጠይቃል። ሁለተኛው ዳዮዱን ከመስመሩ ወደ ግራውንድ ገልብጦ ማድረግ ነው፣ ቮልት አይወስድም፣ ከኮኔክተሩ ጀርባ ሶልደር ማድረግ ብቻ ስለሆነ መደረብ ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ከፊቱ ፒቲሲ ፊውዝ (ሲሞቅ ከረንቱን የሚገታ ፊውዝ) ከሌለ ተገልብጦ ሲሰካ ያ ዳዮድ ወይ ትራኩ ነው የሚቃጠለው። ሞስፌት (እንደ ስዊች የሚሰራ ትራንዚስተር) የተባለው ሶስተኛው ምርጥ ነው፣ የሚወስደው ቮልት ከቁጥር አይገባም፣ ያለቀ ቦርድ ላይ ለማስገባት ግን አይመችም፣ ለአዲስ ዲዛይን ተዉት። ለተሰራ ሞጁል እኔ ዳዮድና ፒቲሲውን እመርጣለሁ፣ ለኦሲሌተር ያለ ጥያቄ።

መቼም ከአሜሪካ ኬዝ ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ስላለ፣ ትራንስፎርመር ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ለ115 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ 220 ላይ ሰክታችሁ ሞድ የተደረገው ሞጁል ነው ያጠፋው እንዳትሉ፣ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ።

ታዲያ ሞድ የማይደረገውስ? ዋስትናው ያላለቀ፣ ኦርጅናልነቱ ዋጋ ያለው፣ ወይ ስኬማቲኩ የማይገኝ ሞጁል ላይ ካውያ አታስገቡ። የምትፈልጉት ለውጥ ከሶስት አራት ዕቃ በላይ ከሆነ ደሞ ዝም ብላችሁ ባዶ ቦርዱንና ፓነሉን ከእንግሊዙ ቶንክ ወይ ከሌላ ኪት ሻጭ እዘዙ፣ ዕቃውን ከታይዳ ወይ ከማውዘር ሰብስቡ፣ ሬዚስተሮቹን ከመጀመሪያው በምትፈልጉት ዋጋ አድርጋችሁ ስሩት። የመጀመሪያው ሞጁል እንዳለ ይቀመጣል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አብርታችሁ ታወዳድራላችሁ። ቫክትሮል (ኤልኢዲና ኤልዲአር፣ ማለት ብርሃን የሚቀይረው ሬዚስተር፣ አብረው የታሸጉበት ዕቃ) የሚገባበት ሎው ፓስ ጌት የሚባለው ሞጁል ከሆነ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ቫክትሮሉ መገኘቱን አረጋግጡ፣ ውስጡ ካድሚየም ስላለ አውሮፓ ውስጥ ገደብ አለበት፣ ካጣችሁት ኤልኢዲና ኤልዲአር ፊት ለፊት አድርጋችሁ በጥቁር ሽሪንክ ጠቅልላችሁ ራሳችሁ ሥሩት፣ ብርሃን እንዳይገባበት ብቻ ሁለቱንም ጫፍ በደንብ ዝጉት።